ስለ ቢስክሌትና ስለ አሳብ መፍለቅ

የጸሐፊ ሥራ ከወንበር ጋራ የተጋባ ሥራ ነው። እኛም በወልድያ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስናገለግል ከጧት እስከ ማታ ከሳሽና ተከሳሽ የተናገሩትን ስንጽፍ፤ መዝገብ ስንከፍትና ስንዘጋ፤ ከሰውነታችን ሁሉ የሚንቀሳቀሱት ሦስቱ ጣቶቻችን ብቻ ነበሩ። ወገባችን ደነደነ፤ ሆዳችንም ከመታጠቂያችን አልፎ ወጣ። ይህስ በጽሕፈት ቤት የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለ ሆነ ብዙ አያስጨንቅም ነበረ። ያስጨነቀን ሌላ ነው፤ ይኸውም አሳባችን ራሱ እንደ ወገባችን መደንደኑ ነው።

ይህን የገለጠልን አንድ ደብዳቤ ነው። እናታችን ካረፉ በኋላ በሀብሩ ወረዳ በመርሳ አቅራቢያ ስላለው የእርሻ መሬት ከታላቅ ወንድማችን ጋራ ተጣላን። እሳቸው በቦታው ኖረው እናታችንን የጦሩ ስለ ሆነ መሬቱ ይገባኛል አሉ፤ እኛ ደግሞ የልጅ ድርሻችን ይሰጠን አልን። ስለ ድንበሩ፤ ስለ መስኖው ውሃ ተራ፤ ስለ ማንጎዎቹ ዛፎች ክፉ ቃል ተነጋገርን። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል በፋሲካ ስንኳ አልተጠያየቅንም። እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ተጀምሮ በዳኛ ፊት የተፈጸመውን የወንድማማች ጠብ በእጃችን ስንት ጊዜ እንደ ጻፍነው እኛ እናውቃለን፤ ስለዚህም ፈራን።

ደብዳቤ ልንጽፍላቸው በየማታው ብንቀመጥ እጃችን የለመደውን ጻፈ። «ከላይ በተጠቀሰው ጉዳይ» ብሎ ጀምሮ፤ «ሆኖ ሳለ» እያለ ቀጥሎ፤ በመጨረሻ ክስ ሆኖ ተገኘ። ሰባት ወረቀት ቀደድን። ስምንተኛውን ባለቤታችን አንብባ «ይህ መጥሪያ ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም» አለችን። ለሌላው ሰው ሁሉ ቃል የምናበጅ ሰዎች ለገዛ ወንድማችን አንዲት ቃል አጣን።

በዚሁ ወራት፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፤ ልጃችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ቢስክሌቱን በግድግዳ አስደግፎ ትቶልን ነበረ። እኛም ስለ ሆዳችን ብለን እንጂ ስለ አሳባችን ብለን አይደለም፤ ጧት በ12 ሰዓት እየተነሣን መንዳት ጀመርን። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ትምህርቱን ደኅና አድርጎ ያጠና ተማሪ በግቢው ውስጥ ሁለት ዙር በቢስክሌት እንዲዞር ይፈቀድለት ስለ ነበር፤ አነዳዱ አልጠፋብንም። ጎረቤቶቻችን ግን ሳቁብን፤ ጸሐፊው ልጅ ሆኑ ተባለ። ሽበት ያለው ሰው በቢስክሌት ሲሄድ ክብሩ የሚቀንስ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የቀድሞ መኳንንት በሰጋር በቅሎ ሆነው ረጅም መንገድ ሲሄዱ ስንቱን ምክር ከበቅሎ ላይ እንዳሰቡት ማንም አይጠይቅም።

ባሕር ዳርን ያየ ሰው ቢስክሌት የልጅ መጫወቻ ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ ከተማይቱ ሜዳ ስለ ሆነች ሠራተኛውም ተማሪውም ይነዳባታል። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ስትወጣም ከሯጮቹ ጋራ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ቢስክሌት ነጂዎች ነበሩባት። ወልድያ ግን ተራራ የከበባት ስለ ሆነች ለነጂ አትራራም።

እንዲህ ጥቂት ሳምንት ከነዳን በኋላ አንድ ነገር አስተዋልን። በጽሕፈት ቤት ስንፈልገው የዋልነው ቃል ጧት በመንገድ ላይ ሳንጠራው ይመጣ ጀመር። በመጀመሪያ ተደነቅን፤ ኋላ ግን ይህ ነገር ለኛ አዲስ አለመሆኑ ትዝ አለን።

ከሚሲዮን ትምህርት ቤት በፊት ቅኔ ለመማር ከሀብሩ ተነሥተን በእግራችን ወደ ዋድላ ሄደን ነበርና። የዋድላ ቅኔ ስሙ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ አብሮ የሚጠራ ነው። በዚያ የቅኔ ተማሪ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ቅኔ አይቆጥርም። መምህሩ ከዘረፉና ምሥጢሩን ከገለጡ በኋላ ተማሪው ሁሉ ደበሎውን ለብሶ ይበተናል፤ አንዱ ወደ ቁጥቋጦው፤ አንዱ ወደ ወንዙ ዳር፤ አንዱ ወደ ገደሉ አፋፍ ይሄዳል። ከሩቅ የሚያይ ሰው እብዶች ይመስሉታል፤ ይመላለሳሉ፤ ይቆማሉ፤ ለራሳቸው ያጉረመርማሉ። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ለጀማሪ ቀኑን ሙሉ ታስኬደዋለች፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስማ ስንት ኮረብታ እንደሚያስወጣ የቆጠረው ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ተማሪው ተመልሶ በመምህሩ ፊት ቅኔውን ይነግራል። የኔታ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ቤቱ ካልመታ፤ ሰሙና ወርቁም ካልተስማማ ያርማሉ፤ ደስ ካላቸው «ይበል!» ይላሉ።

ስለ ቅዱስ ያሬድም በትውፊት የምንሰማው ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ዘንድ ሸሽቶ ሲሄድ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ትሉን እንዳየ ነው። መምህራን ይህን ታሪክ ስለ ትዕግሥት ያስተምሩበታል፤ መልካም ነው። እኛ ግን ቅዱስ ያሬድ ከጉባኤው ባይወጣ ኖሮ ትሉን ከየት ባየው ነበር ብለን እንጨምርበታለን።

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህንኑ መርምረውታል። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ማሪሊ ኦፔዞና ዳንኤል ሽዋርትዝ ባወጡት ጥናት፤ ሰው ሲራመድ የሚያፈልቀው አዲስ አሳብ ተቀምጦ ሳለ ከሚያፈልቀው በአማካይ 60 በመቶ ያህል ይበልጣል። ከተቀመጠም በኋላ ብርታቱ ጥቂት ይቆይለታል። ጥናቱ ስለ መራመድ እንጂ ስለ ቢስክሌት አይደለም፤ ቢሆንም የጉዳዩ ሥር አንድ ይመስለናል። እኛን እጅግ ያስገረመን ግን የጥናቱ ሌላ ክፍል ነው፤ ይኸውም መልሱ አንድ ብቻ ለሆነ ጥያቄ መራመድ አለመጥቀሙ፤ እንዲያውም ጥቂት ማጉደሉ ነው። የቅኔ መምህራን ተማሪውን ወደ ዱር ልከው ራሳቸው ተቀምጠው የሚያርሙት ይህን ዐውቀው ኖሯል! እግር አሳብን ያመጣል፤ ደኅናውን ከክፉው የሚለይ ግን ወንበር ነው።

ሌላም ከራሳችን ያየነው አለ። አቀበት ላይ አሳብ አይመጣም፤ ሰው እስትንፋሱን ብቻ ይቆጥራል። ቁልቁለት ሲበዛም ልብ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይሆናል። አሳብ የሚመጣው መንገዱ ለጥ ሲልና እግር ሥራውን ራሱ ሲይዝ ነው። እንዲሁም የመጣው ቶሎ ካልተጻፈ ይበራል። የአየርላንድ ሰው ሐሚልተን በ1843 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በደብሊን ከሚስቱ ጋራ በቦይ ዳር ሲሄድ ብዙ ዓመት የፈለገው የሒሳብ ሕግ ድንገት ቢመጣለት በድልድዩ ድንጋይ ላይ በቢላዋ ቀረጸው ይባላል። እኛ ቢላዋ ባንይዝም እርሳስ አይለየንም።

ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ፤ ባንድ እሑድ ጧት፤ በደሴ መንገድ ወደ ሲሪንቃ ወረድን። ገበሬዎች ለማሽላ ያርሱ ነበር። ስለ ደብዳቤው አላሰብንም፤ እንዲያውም ስለ ምንም አላሰብንም። ድንገት አንድ ሕፃን ማንጎ እየገመጠ ፍየል ሲነዳ አየን። ጭማቂው በክንዱ ላይ ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ እናታችን የማንጎ ችግኝ ተክለው እኛና ወንድማችን በየቀኑ ከወንዝ ውሃ እየተሸከምን እንድናጠጣ ማዘዛቸው ትዝ አለን፤ ተራውንም ማንም አልጻፈልንም ነበር። ቢስክሌቱን አቁመን በኪሳችን ባገኘነው የሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ይህን ጻፍን፤ «ወንድም ጋሼ፤ በተራ ውሃ ያጠጣነው የእናታችን ማንጎ ዘንድሮ አፈራ ወይ?»

ማታ ቤታችን ገብተን ይህን ቃል በመልካም ወረቀት ስንገለብጥ ስለ ድርሻችን ሌላ ሦስት መሥመር ጨመርንበት። በዚያች ማታ የኔታ የነበረችው ባለቤታችን ናት፤ ሦስቱንም ሰረዘች። እኛም እያጉረመረምን አንዷን መሥመር ብቻ ላክን።

ሁለት ሳምንት ዝም አሉ። በግንቦት መጀመሪያ የመርሳ አውቶቡስ ረዳት አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዞ መጣ፤ በላዩም ቁራጭ ወረቀት ነበረ። «አፍርቷል። ወፍ ሳይጨርሰው ና» ይላል።

ከወልድያ እስከ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው ወደ ታች ስለሚወርድ በቢስክሌት ሄድን። ወንድማችን በበራቸው ቆመው ፊታችንን ከማየታቸው በፊት መንኰራኵሩን አዩ፤ «መኪና አጣህ?» አሉን። «አይ ጋሼ፤ አሳብ አጥቼ ነው» አልናቸው። ነገሩ አልገባቸውም፤ ነገር ግን ሳቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሳቃቸውን ሰማን። ከዛፉ ሥር ተቀምጠን በላን፤ ቡናም ተፈላ። ስለ ድንበሩ ማንም አላነሣም። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ግን እሳቸው ራሳቸው «ሽማግሌ ይየው» አሉ፤ እኛም እሺ አልን። ሽማግሌዎቹም እስከ ሐምሌ ድረስ ተመላልሰው ከጠየቅነው ያነሰ መሬት ሰጡን፤ ማንጎውም ወደ እሳቸው በኩል ቀረ። ዘንቢሉ ግን በየግንቦቱ ይመጣል።

የዚያን ቀን ወደ ወልድያ ስንመለስ አቀበቱ ከዐቅማችን በላይ ስለ ሆነ ቢስክሌቱን በአውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነን ተሳፈርን። ረዳቱም ቢስክሌቱን እንደ አንድ ሰው ቈጥሮ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፈለን።