አምስቱ አናባቢዎች

እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቀን ለተማሪዎቼ እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄ አቀረብኩላቸው፤ ይኸውም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ፣ ዩ የተባሉትን አምስት አናባቢ ፊደላት አሟልቶ የያዘ ረጅም ቃል ፈልጉ የሚል ነበር። በልቤ የያዝኩት መልስ «አብስቲሚየስ» ነው፤ ትርጉሙም በምግብና በመጠጥ ቁጥብ ማለት ሲሆን፣ በ10 ፊደላቱ መካከል አምስቱ አናባቢዎች በየተራቸው ይሰለፋሉ።

ሰነፍ ነው ብዬ ከኋላ ወንበር ያስቀመጥኩት ልጅ እጁን አወጣና «ኤዱኬሽን!» አለ። ፊደላቱ 9 ናቸው፤ አምስቱም አናባቢዎች አሉበት። ትርጉሙ ትምህርት ነው። እኔ ብርቅ ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ስቆፍር፣ እርሱ ከመማሪያ መጽሐፉ ሽፋን ላይ አንብቦት ኖሯል።

በማግሥቱ ልጁን ወደ ፊት ወንበር አመጣሁት፤ የታረምኩት ግን እኔ ነበርኩ።