የአደራ ጊታር

«ድፍን እንጨት ነው፤ ምን ይሆናል?» የሚል ተማሪ ቢያጋጥመኝ አልፈርድበትም። እኔም ባለፈው ክረምት እንዲሁ ብዬ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ ወር አንድ ተመራቂ ጓደኛችን ከመቀሌ ሲወጣ ቤዝ ጊታሩን በእኔ ዘንድ ተወው። «ስመለስ እወስደዋለሁ፤ አደራህን» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። እኔም ዓዲ ሓቂ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር አስደግፌ አቆምኩት። ክራር ቢሆን ኖሮ ቆዳው ይረጥብብኛል ብዬ በሰጋሁ ነበር። ይህ ግን ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ዓይነት፣ ሆዱ ባዶ ያልሆነ ቤዝ ነውና ተዝናናሁ።

ዳሩ ግን የዚህ ጊታር ሕመም ከሆዱ ሳይሆን ከአንገቱ ነው። አራቱ ክሮች ሲቃኙ አንገቱን ብዙውን ጊዜ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ይስቡታል። ይህን የሚቋቋመው በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ በክሮቹና በዘንጉ መካከል ያለው ሚዛን ይናጋል። የመቀሌ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና አየሩ ወዲያው ወደ ድርቀት ይዞራል። እንጨቱም ለመላመድ ጊዜ አያገኝም።

የአሸንዳ ሰሞን ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው ለጣት አስቸገሩኝ። የሰፈሩ ልጃገረዶች የላላ ከበሮአቸውን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ አይቼ እኔም ጊታሩን ላሰጣው ከጅሎኝ ነበር። እንኳን አላደረግሁት! ኃይለኛ ሙቀት ሙጫውን ያላላል፣ ቀለሙንም ይሰነጥቃል። ነገር ግን ከዚያ ያላነሰ ስሕተት ሠራሁ፤ ቁልፍ አንሥቼ ዘንጉን በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር አጠበቅሁት። አንገቱ ሲንቋቋ ሰማሁና ልቤ ቀጥ አለ።

ጥቅምት ገብቶ አየሩ ሲደርቅ አንገቱ ወደ ኋላ ለመጠ፤ የላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ክሩ ሁሉ ይንጫጫ ጀመር። ሦስት ቀን ሳመነታ ቆይቼ ለባለቤቱ ደወልኩ። ጥፋቴን ሁሉ ከነገርኩት በኋላ ጥቂት ዝም አለና «እንጨቱ አልበደለም፤ የቸኮልከው አንተ ነህ። ሩብ ዙር ፍታና እስከ ነገ ተወው» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። በአራተኛው ቀን ድምፁ ጠራ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ ለጊታርም ኖሯል!

አሁን ወቅት በተለወጠ ቁጥር አንድ ነገር አደርጋለሁ። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኜ መካከሉን አያለሁ። ቀጭን ካርድ የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ዘንጉን አልነካም። ክፍተቱ ከሰፋ ሩብ ዙር ወደ ቀኝ አጠብቃለሁ፤ ከጠፋም ሩብ ዙር ወደ ግራ አላላለሁ። ጊታሩን ከውጭ ግድግዳና ከመስኮት አርቄ በሣጥኑ አኖረዋለሁ። በታኅሣሥ ብርድ ክሩ ሲኮማተር ድምፁ ከፍ ስለሚል፣ ክፍሉ ሳይሞቅ አልቃኝም። በበጋ የፍሬቶቹ ጫፍ እጄን ሲቧጥጠኝም ብረቱ አድጎ ሳይሆን እንጨቱ ጠብቦ መሆኑን አውቄአለሁ። ከተጫወትኩ በኋላ ላቤንና የከተማችንን አቧራ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ።

ጓደኛችን ገና አልተመለሰም። ሲመጣ ጊታሩን እንደ ሰጠኝ ሳይሆን፣ ከነታሪኩ አስረክበዋለሁ። አደራ ማለት ዕቃን ጥግ አስቀምጦ መርሳት የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔ ግን አደራ ጠባቂ በየወቅቱ እየተነሣ ማየት እንዳለበት ከአንድ እንጨት ተማርኩ።