ቸርኬና ሳንባ

ከካምፓላ መሀል ተነሥቶ በጂንጃ መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ብዙ ሳይርቅ ናካዋ ይደርሳል። ገበያው፣ ፋብሪካዎቹና ለሽያጭ የተሰለፉት ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች የሰፈሩ መለያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 በጃፓን መንግሥት ትብብር የተቋቋመው የሙያ ማሠልጠኛም የሚገኘው በዚሁ ነው። ብረት ፈትቶ መልሶ መግጠም በናካዋ እንግዳ ሙያ አይደለም።

ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ከተሠራ 15 ዓመት የሞላው መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክላለች። ቀድሞ የገባው ግን አርጅቶም ያገለግላል፤ እርጅናውም አስቀድሞ የሚታየው እግሩ ላይ ነው። ኢትዮጵያውያን ከጣሊያንኛ ወርሰው «ቸርኬ» የሚሉት ብረት ቀዩን ጭቃም የመንገዱን ጉድጓድም ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የካምፓላ ነዋሪዎች የየሰፈራቸውን ጉድጓድ ፎቶግራፍ እያነሡ በማኅበራዊ መገናኛ «የጉድጓድ ኤግዚቢሽን» ባዘጋጁ ጊዜ፣ ጩኸቱ የቸርኬዎቻቸውም ጭምር ነበር።

ስለዚህ ባለመኪናው በዕረፍት ቀኑ አራቱን ቸርኬ ፈትቶ ግቢው ውስጥ ይደረድራል። ኮምፕሬሰር ይከራያል፤ አሸዋ ይነፋል፤ ሥራውን ይጀምራል። ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ቲልግማን አሸዋን በግፊት ረጭቶ ጠንካራ ነገር መፋቅ የሚቻልበትን ስልት በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። የሽቦ ብሩሽ ሰዓታት የሚታገለውን ዝገት አሸዋው በደቂቃዎች ይገፈዋል።

ከቀለሙ ጋር ግን ምስጢርም ይገፈፋል። በስቱኮ የተደፈነ ቁስል፣ ከብሎን ቀዳዳ የተነሣ ስንጥቅ፣ የተጣመመ ጠርዝ ይጋለጣሉ። የሥራው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ስንጥቅ ያየ ሰው ቸርኬውን መጣል እንጂ መቀባት አይገባውም። ቀብቶ የመለሰው እንደሆነ «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» የተባለው ይደርስበታል፤ የሚያብለጨልጨው እግር በጉዞ መሀል ይከዳዋል።

ጤነኛው ቸርኬም ችኮላ አይወድም። ሐይቅ አጠገብ ባለች ከተማ እርቃኑን የቀረ ብረት ውሎ ሳያድር ዳግም ይዝጋልና የፀረ ዝገት ቀለሙ በዕለቱ መቀባት አለበት። አሉሚኒየሙ ለስላሳ ስለሆነ ሻካራ አሸዋና ከፍተኛ ግፊት ይቦረቡረዋል። ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ፊትና ዳዶው የሚቀመጥበት ቦታ ወፍራም ቀለም ሊነካቸው አይገባም፤ ቀለሙ ተጨፍልቆ ሲሳሳ ዳዶው ይላላል። ከተገጠመም በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የብረቱ ጉዳይ ነው። የሰውየውስ? አብዛኛው አሸዋ ሲሊካ አለበት። ቸርኬው ላይ ሲጋጭ ይፈረካከሳል፤ ዓይን የማያየው ብናኝ አየር ላይ ይቆያል፤ አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅም አያግደውም። ሳንባ ገብቶ ጠባሳ ይፈጥራል። ሲሊኮሲስ የሚባለው ይህ በሽታ ፈውስ አልተገኘለትም፤ የተያዘውንም ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ቀልጦ የተቀረጸን ብረት በአሸዋ መፋቅን ከለከለች። ቱርክም ጂንስ ሱሪ ያረጀ ለማስመሰል አሸዋ ሲረጩ የኖሩ ወጣቶች ከሞቱባት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ አገደች። ያረጀውን አዲስ ለማስመሰል የሚረጨውም አሸዋ ከዚያኛው አይለይም።

አራት ቸርኬ ብቻ ያደሰ ሰው ወዲያው ይታመማል ማለት አይደለም። ነገር ግን የአራቱን ማማር ያየ ጎረቤት የራሱን ይዞ ይመጣል፤ የዕረፍት ቀን ሥራ የዕለት እንጀራ ይሆናል፤ አራቱ አርባ ይሆናሉ። አጥር ማዶ ደግሞ ልብስ ተሰጥቷል፤ ምሳ ይበስላል፤ ሕፃናት ይጫወታሉ። እነርሱን ማንም አልጠየቃቸውም።

መላ አለው። እንደ ጋርኔት ያለ ሌላ መፋቂያ፣ የተዘጋ የመፋቂያ ሣጥን፣ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ የራስ መሸፈኛ አሉ። እነዚህን ማግኘት ያልቻለ ሰው ቸርኬውን በውሃ እያራሰ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍግ ውሃው ብናኙን ይይዝለታል። ክንዱ ይዝላል፤ የአንድ ቀኑ ሥራም ሦስት ቀን ይወስድበታል። የክንድ ድካም ግን ሲተኙበት ይለቃል።