መሬቱን ማን ጠየቀው?

ቤት ልንሠራ ስንነሣ የማንጠይቀው የለም። ደላላውን እንጠይቃለን፤ ጎረቤቱን እንጠይቃለን፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ እያልን መርካቶን ከዳር እስከ ዳር እናዳርሳለን። ካርታው የማን እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እግድ ያለበት መሆን አለመሆኑን እናጣራለን። ያን ሁሉ ተሸክሞ የሚኖረውን መሬት ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለው ሰው ጥቂት ነው። መሬት ደግሞ ሳይጠየቅ አይናገርም። የተናገረ ዕለትም ቃሉን የሚጽፈው በግድግዳ ላይ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ሠላሳ ዓመት ካስተማረችበት ደመወዝ በቁጠባና በዕቁብ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሁሉ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባለች አንዲት ቁራሽ መሬት ላይ አፈሰሰችው። አራት ክፍል የብሎኬት ቤት ቆመላት። በሦስተኛው ክረምት የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ጥር ሲገባ ያው በር ማንም ሳይነካው ተስተካክሎ ይዘጋ ጀመር። ከመስኮቱ ማዕዘን የተነሣችው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በዓመቷ ጣት የምታስገባ ሆነች። የሰፈሩ ሰው ምክንያት አላጣላትም፤ አንዱ «ሲሚንቶው ተሰርቋል» አለ፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው» አለ። ኮንትራክተሩም ተጠርቶ መጣና ስንጥቁን በልስን ደፍኖ ሄደ። በዓመቱ ስንጥቁ ልስኑን ቀድዶ ብቅ አለ።

ቢቸግረኝ የአፈር መሐንዲስ የሆነ አንድ ወዳጄን ይዤ ሄድኩ። ግድግዳውን ብዙም አላየውም። ከጓሮ በኩል ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ከውስጡ ጥቁር አፈር ቆንጥሮ በጥቂት ውኃ አራሰና በመዳፉ መካከል እንደ ፈትል ያሽከረክረው ጀመር። አፈሩ ሳይበጠስ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። «እትዬ፣» አላት፣ «ሲሚንቶው አልተሰረቀም። መሠረቱ ያረፈው መረሬ ላይ ነው።»

መረሬ ወይም ዋልካ የምንለው ይህ አፈር ለገበሬው ጤፍና ሽምብራ የሚሰጥ ሲሳይ ነው። ለግንበኛ ግን ፈተና ነው። በውስጡ ሞንትሞሪሎናይት የሚባል ማዕድን አለ፤ እንደ ወረቀት የሳሱ ንብርብሮቹ በመካከላቸው ውኃ ሲያስገቡ አፈሩ ያብጣል፤ ውኃው ሲወጣ ይኮማተራል። በጋ ላይ በአቃቂ በኩል ያለፈ ሰው የተሰነጣጠቀውን ሜዳ አይቶ ይሆናል። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢነሣና እኩል ቢቀመጥ ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በቤቱ ዳር ያለው አፈር ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት፣ ከወለሉ ሥር ያለው ተከድኖ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ዳሩ ሲነሣ መሃሉ ይቀራል፤ ዳሩ ሲሰጥም መሃሉ ያብጣል፤ ግድግዳው በሁለቱ መካከል ተይዞ ይቀደዳል።

እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ጉዳቱ የሚበረታው በማን ላይ እንደሆነ ስሰማ ነው። ትልቁ ፎቅ በክብደቱ እብጠቱን ተጭኖ ይይዛል፤ መሠረቱም ጠልቆ እርጥበቱ ከማይለዋወጥበት አፈር ላይ ይደርሳል። ቀላሏ ቤት ግን እብጠቱን የምትጫንበት ክብደት የላትም። መሬቱን ለማስመርመር አቅም የሚያጥረውም የትንሿ ቤት ባለቤት ነው።

ለመሆኑ መሬት የሚጠየቀው እንዴት ነው? የዚህ ሙያ አባት የሚባለው ኦስትሪያዊው ካርል ቴርዛጊ ነው። በኢስታንቡል ሲያስተምር ካደረጋቸው ሙከራዎች ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል የታሰረው ውኃ ግፊቱ ሲጨምር ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ኃይል ይላላል። መሐንዲሶቹም መሬቱን እየሰረሰሩ ናሙና ያወጣሉ፤ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየለቀቁ መሣሪያው 30 ሳንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጥራሉ። ምቱ ሲያንስ አፈሩ ልል ነው፤ ሲበዛ ጠንካራ ነው። ዛሬ ደግሞ ከሰማይም ይጠየቃል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥና የአዲስ አበባ ሰው በየፎቁ ሲደነግጥ፣ ተመራማሪዎች የመሬቱን መነሣትና መስጠም በሳተላይት ራዳር ይከታተሉ ነበር።

ቀድሞ ያልተጠየቀ መሬት ኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የፒዛ ግንብ ምስክር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀምሮ ገና ጥቂት ፎቅ እንደተነሣ ከሥሩ ያለው ልል ጭቃ ያዘነብለው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1990 ይወድቃል ተብሎ ለጎብኚ ተዘጋ። ግንቡን በዋናነት ያቀናው ሥራ የተሠራው ግን ከመሬቱ ላይ ነበር፤ መሐንዲሶቹ ካዘነበለበት ተቃራኒ ከሆነው ወገን፣ ከሥሩ አፈር በጥንቃቄ ጥቂት በጥቂት አወጡ። ግንቡ በግማሽ ዲግሪ ያህል ቀና አለና እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ተከፈተ። ከሁሉ በላይ የተነካው መሬቱ ነበር።

የፒዛው ነገር ለወሬ ይጣፍጣል። የእኛው ግን ሐዘን አለበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተናደና ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት እንደ ወጉ ሮጦ መጥቶ በእጁ ሲቆፍር ሁለተኛ ናዳ ወረደበት። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ቴርዛጊ የተናገረለት ያ በአፈር ውስጥ የታሰረ ውኃ ሰውን የሚገድለው እንዲህ ነው። አንዴ የተናደ ተዳፋት ሁለተኛ ሊናድ እንደሚችል ማወቅ የመሐንዲስ ብቻ ዕውቀት ሆኖ መቅረት አልነበረበትም። ሰዎቹ ያለቁት በደግነታቸው ነውና፣ ይህን ዕውቀት ቀድሞ ያደርስላቸው የነበረ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር።

ወዳጄ ለአክስቴ ያዘዘው መድኃኒት የሚያስፈራ አልነበረም። ጣሪያው አሸንዳ ይግባለት፤ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ይጠገን፤ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የአርማታ መሄጃ ይሠራ፤ ስንጥቁ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይለሰን በምልክት ይታይ። ባሕር ዛፉን እንቁረጠው ስንለውም ከለከለን፤ ሲጠጣ የኖረው ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ አፈሩ ቢመለስ ቤቱን ያነሣዋልና። ከመሠረቱ በፊት ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ መረሬው ተጠርጎ በተመረጠ አፈር ይተካ፣ ወይም መሠረቱ ጠልቆ ይወርድ ነበር። «ለምርመራ የሚወጣውን ሰው እንደ ብክነት ያየዋል» አለኝ ወዳጄ። «አንዳንዱማ የጎረቤቱን ቦታ ውጤት ቀድቶ ያመጣል። አፈር ግን በአሥር እርምጃ ውስጥ ሌላ ነው።»

በበኩሌ ይህን ሸክም በቤት ሠሪው ጫንቃ ላይ ብቻ መጣሉ ትክክል አይመስለኝም። በአንድ መንደር ሃምሳ ቤት ሲሠራ ሃምሳው ባለቤት ለየብቻው ከሚጨነቅ፣ ተሰባስበው በየጥቂት ቦታው አስቆፍረው ወጪውን ቢካፈሉትስ? ለቀብር ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ለመሠረትም መሰብሰብ አያቅተውም። የከተማው አስተዳደርም ቦታ ሲሰጥ ካርታው ላይ ከስፋቱና ከአዋሳኙ ጎን የአፈሩን ጠባይ ቢጽፍልን ባልከፋ። እስከዚያው ድረስ ግን፣ ቦታ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ደላላውን ከማመናችሁ በፊት አካፋ ይዛችሁ ሂዱ።