መፍቻ

መካኒኮቻችን ከጣሊያን ያልተዋሱት ዕቃ ጥቂት ነው። ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ቡሎኑ፣ ዳዶው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ሁሉ ከነስሙ የመጣ ነው። ጣሊያን «ቁልፍ» በሚል ቃል የሚጠራውን መሣሪያ ግን እኛ በራሳችን አንደበት «መፍቻ» አልነው። በዚያው ዕቃ እናጠብቅበታለን፤ «ማጥበቂያ» ሲለው የሰማሁት ሰው ግን የለም። ስሙን ያወጣለት ሰው ጋራዥ የዋለ ሳይሆን አይቀርም። ማጥበቅማ ጉልበት ያለው ሁሉ ያጠብቃል። ስንት ክረምት ያለፈበትን ዳዶ፣ የያዘውን ብረት ሳይጎዱ መፍታት ነው ሙያው።

ይህን ያሳሰበኝ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ዳንግላ ውስጥ የአጎቴ ቮልስዋገን ሞተር ሲወርድ ማየቴ ነው። አጎቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ የሐኪም ክትትላቸው ባሕር ዳር ስለሆነ በየወሩ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ዱርቤቴንና መራዊን አልፈው ይሄዳሉ። በሚኒባስ ታጭቆ ለመጓዝ ወገባቸው እሺ አይልም። የምታመላልሳቸው ይህችው ቮልስ ነበረች። ያን ሰሞን ግን ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትንቀሳቀስም። ከሞተሩ የሚያፈተልከው ዘይት የፍሪሲዮኑን ሸራ አርሶት ኖሯል። የአጎቴ ልጆች ከአዲስ አበባ እየደወሉ «ሽጧት» ይላሉ። አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴም በኪሎ ሊገዛት ሁለት ጊዜ መጥቶ ዞሯት ሄዷል። እትዬ ከቤት ሆነው ዝም ብለዋል፤ ቀጠሯቸው ሊደርስ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

የቮልስ ሞተር ከኋላ አራት ቦታ ታስሮ የሚቀመጥ ስለሆነ በክሪክ ተደግፎ ሲወርድ ብዙ አያስቸግርም። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘይቱን የሚያግደው ጎማ የተሸሸገው ቮላኖ ከሚባለው ከባድ ክብ ብረት ጀርባ ነው። ቮላኖውን ከክራንክሻፍቱ ጋር የያዘው ደግሞ መሐሉ ላይ ያለ አንድ ባለ 36 ሚሊ ሜትር ዳዶ ነው። ፋብሪካው አጥብቁ የሚለው ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው። በቀላል አማርኛ፣ አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። ዝገት ሲጨመርበት ይህም አይበቃም፤ ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛልና ክፍተቱን ሞልቶ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል።

የጋራዡ ረዳት፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ትልቁን መዶሻ አነሣ። ቀጥሎም በግራይንደር ይቆረጥ አለ። መካኒኩ ሁለቱንም ከለከሉት። እሳቸው የአጎቴ የጥንት ተማሪ ናቸው፤ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚሏቸው።

«ቲቸር፣ ዳዶው ቢበላሽ ዳዶ እንፈልጋለን። ክራንኩ ቢጎዳ ግን ሰውዬው በኪሎ ይውሰዳት» አሉ።

ልክ ናቸው። ይህች መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች። ዳንግላ ላይ ክራንክሻፍት ፍለጋ መውጣት ከሌላ ቮልስ ሬሳ ላይ ለመንቀል መጸለይ ነው።

መካኒኩ ዘይትና ናፍጣ ቀላቅለው ዙሪያውን አጠጡትና ወደ ቤታቸው ሄዱ! አጎቴ ተናደዱ፤ እኔ ግን ያን ቀን ያደነቅሁት ይህን መሄድ ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደገና አጠጡት፤ በመዶሻ እጀታ ቆጥቆጥ አደረጉት፤ ከዚያ ትንሽ እሳት። ትንሽ ያልኩት ዳዶው ራሱ መሐሉ ላይ ኩሽኔታ ስላለው ነው። 36 ሚሊ ሜትር ብረት 100 ዲግሪ ቢሞቅ የሚሰፋው 4 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ዘይት ግን በዚያ ቀዳዳ ይገባል። በመጨረሻ ቮላኖው እንዳይዞር የማዕዘን ብረት በፍሪሲዮኑ ቀዳዳዎች ላይ አስረው፣ መፍቻው ላይ የውሃ ቱቦ ሰኩበትና ልጁን ጠሩት። «አትንጠቀው፤ ተደገፈው» አሉት። ልጁ ተደገፈ። አንድ ጊዜ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸና ዞረ። አጎቴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ቮላኖውም በአራት የብረት ፒኖች ተሰክቶ ስለነበር ወዲያው አልወጣም። በአንድ ወገን ቢፈነቅሉት ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ። ጣውላ እያስደገፉ፣ ዙሪያውን በእኩል እያንኳኩ፣ ሲጋራ አጭሰው እንደገና እያንኳኩ ከሰዓት በኋላ አወጡት። ያ ሁሉ ድካም መዳፍ ለማትሞላ አንዲት የጎማ ቀለበት ነበር።

መልሶ ለማጥበቅ መለኪያ መሣሪያ አልነበራቸውም። ከጎረቤት እህል ነጋዴ የሚንጠለጠል የስፕሪንግ ሚዛን ተውሰው፣ ቱቦው ላይ ከዳዶው መሐል አንድ ሜትር ለክተው በኖራ ምልክት አደረጉና ሚዛኑን እዚያ ላይ አንጠልጥለው ቁልቁል ሳቡት፤ መርፌው 30 ላይ ሲደርስ ተዉት። ከዚህ የተሻለ ምህንድስና በአዲስ አበባ ጋራዦችም ብዙ አላየሁም።

እትዬ በቀጠሯቸው ዕለት ባሕር ዳር ደረሱ። ሲመለሱ ግን አጎቴ ከኋላ ጎማ በኩል አንድ ድምፅ ሰምተዋል። የዚያኛውም ዳዶ 36 ነው፤ ጥብቀቱም ያው ነው። መካኒኩ ቱቦውን ከነኖራው በር ጀርባ አቁመውታል፤ ሚዛኑን ግን እህል ነጋዴው መጥቶ ወስዷል።