በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር

ናይሮቢን ለሚያውቅ ሰው ማታቱ ምን እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስሙ «ታቱ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል፣ ማለትም ከ«ሦስት» የመጣ ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ ለአንድ ጉዞ ይከፈሉ የነበሩትን ሦስት ባለአሥር ሳንቲሞች ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ የዋለው ጥብቅ ደንብ ቢጫ መስመርን፣ የመቀመጫ ቀበቶንና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ የሚገታ የፍጥነት መቆጣጠሪያን ግዴታ ባደረገ ጊዜ የማታቱ ሥዕልና ጌጥ ደብዝዞ ነበር። በ2014 ፕሬዚዳንቱ ሥዕሉን ሲፈቅዱ ግን ቀለሙም፣ መብራቱም፣ ሙዚቃውም ተመለሰ። ወጣት ተሳፋሪ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ሲያይ ወደሚያምረው መግባቱ እንግዲህ የታወቀ ነው፤ ውበት በዚህች ከተማ ገበያ ነው። ትልቅ ቸርኬና ዝቅ ያለ ቁመና የውበቱ አካላት ናቸው።

በኢስሊ ሰፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ከኬንያዊ ባልንጀራው ጋር በሽርክና አንድ ቶዮታ ሃይኤስ ነበረው። አገር ቤት «አባዱላ» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ሲሆን፣ ጃፓን ውስጥ ጥቂት ዓመታት አገልግሎ በሞምባሳ ወደብ በኩል የገባ ባለ14 መቀመጫ ነው። የፊተኛው ባለቤት ዝቅ አድርጎት ስለነበር ቫኑ ከሌሎቹ ይልቅ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጎማዎቹ ግን ከፋብሪካ የወጡት ትንንሾቹ በመሆናቸው ማካንጋው፣ እኛ ረዳት የምንለው መሆኑ ነው፣ ጠዋት ማታ ይነዘንዘዋል። «በዚህ ጎማ ማን ይገባልናል?» ይላል። ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ የጎረቤቱ ቫን ሞልቶ ሲሄድ የእርሱ ግማሹን ይዞ የወጣባቸው ቀኖች ነበሩ። ሰውየው ዕቁብ በደረሰው ሳምንት ገንዘቡን ይዞ ወደ ኪሪንያጋ ጎዳና ወረደ።

ኪሪንያጋ ጎዳና፣ በቀድሞ ስሙ ግሮጋን፣ መለዋወጫ የሚፈልግ ሁሉ የሚያውቀው ስፍራ ነው። ቸርኬው እንደ ጋሻ ተደርድሮ ይሰቀላል። ሻጩ ባለ20 ኢንች የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አወረደለት፤ የሚስማማውንም ጎማ፣ 225/35 አር 20ን፣ ጎኑ አቆመለት። ስድስቱ ብሎኖች ገጠሙ። ብሎን መግጠሙ ግን ጎማ መግጠም ማለት አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህች ልዩነት ነው።

በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር የተደበቀ ምሥጢር የለውም። የመጀመሪያው አኃዝ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ ስንት እንደሆነ ይናገራል፤ የመጨረሻው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ቫኑ ይዞት የመጣው 195/80 አር 15 ነበር። 195 በ80 በመቶ ሲባዛ ጎኑ 156 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከላይና ከታች ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ከ15 ኢንች፣ ማለትም ከ381 ሚሊ ሜትር ጋር ሲደመር የጎማው ሙሉ ቁመት 693 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጩ ያቆመለት ግን ጎኑ ከ79 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ሙሉ ቁመቱም 665 ተኩል ገደማ ነው። ቸርኬው አደገ፣ ጎማው ግን አነሰ። በዚህ ጎማ ሰዓቱ 80 ሲያሳይ ቫኑ በእውነቱ ወደ 77 ገደማ ነው የሚሄደው፤ የተቆጠረው ኪሎ ሜትርም ከተጓዘው ይበልጣል። ከፋብሪካው በጣም የረዘመ ጎማ የሚያስገባ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ በጎማው ዙር የሚቆጥር የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሾፌሩ ሳያውቀው ይታለላል።

ብዙዎች መኪና ዝቅ ሲል ጎማውም ማጠር ያለበት ይመስላቸዋል። የሃይኤስ የኋላ ክፍል ዝቅ የሚለው በባሌስትራውና በዘንጉ መካከል የብረት ጡብ በማስገባት ነው፤ የፊቱ ደግሞ ሲጠማዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራውን ዘንግ በማላላት። ጎማው አልተነካም፤ የወረደው አካሉ ነው። ስለዚህ የጎማው ሙሉ ቁመት ከፋብሪካው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ መቆየት አለበት፤ የሚመረመረው ስፋቱ፣ ቸርኬው ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክ፣ እንዲሁም ፓራፋንጎው ነው። ቸርኬው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ውበቱ ይጨምራል፤ ኩሽኔታው ግን ይጎዳል፤ መሪ ሲጠመዘዝና ቫኑ ሲሞላ ጎማው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይልሳል። ባዶውን ቫን ጋራዥ ውስጥ አቁሞ «አልነካም» ማለት ዋጋ የለውም። አሥራ አራት ሰው አስቀምጦ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ ነው መለካት።

ሰውየው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄደ። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የመጡ፣ ዛሬም «ሪም» ማለትን እምቢ ብለው «ቸርኬ» የሚሉ፣ ኩሽኔታና ባሌስትራ ከጣልያን እንደወረሱት ሁሉ ጥርጣሬን ደግሞ ከሥራቸው የወረሱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ ቸርኬ ይሆነኛል?» ቢላቸው፣ ስለ ቸርኬው አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ «ልጄ፣ ስንት ሰው ነው የምትጭነው?» አሉት።

የጠየቁት መልስ ከጎማው ስም ቀጥሎ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። ቀድሞ በነበረው ጎማ ላይ 107/105 የሚል አለ። ይህ የመሸከም መለኪያ ነው፤ 107 ማለት አንዱ ጎማ ለብቻው 975 ኪሎ ይሸከማል ማለት ሲሆን፣ 105 ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲገጠም ለእያንዳንዱ የተፈቀደው 925 ኪሎ ነው። በባለ20 ኢንቹ ጎማ ላይ ያለው ግን 90 ነበር፤ ይህም 600 ኪሎ ብቻ ነው። ጠንከር ተደርጎ የተሠራው 93 ያለው ቢገኝ እንኳ ከ650 አያልፍም። ሽማግሌው በካርቶን ቁራጭ ላይ ደመሩለት። ባዶው ቫን ወደ 1,900 ኪሎ ገደማ ቢሆን፣ አሥራ አራት ሰው በ70 ኪሎ ሲታሰብ 980 ይጨምራል። ሻንጣውን ትተን እንኳ ወደ 2,900 ቀረበ። ግማሹ ብቻ ከኋላ ዘንግ ላይ ቢያርፍ፣ ብዙው ተሳፋሪ የሚቀመጠው ከኋላ ስለሆነ ከግማሽ በታች አይሆንም፣ በእያንዳንዱ የኋላ ጎማ ላይ ከ700 ኪሎ በላይ ይመጣል። ቫኑ ገና ሳይነቃነቅ ጎማው ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል ማለት ነው። ጉድጓድና ጉብታ አልተቆጠረም።

«ንፋሱን ብንጨምርለትስ?» አለ ሰውየው። ይህንን ጥያቄ ጎሚስታዎች በየቀኑ ይሰሙታል። ለሚኒባስና ለጭነት የተሠራው፣ ከመጠኑ በኋላ «ሲ» የሚል ፊደል ያለበት ጎማ፣ እስከ 4.5 ባር ድረስ የሚነፋ ዓይነት አለው፤ ለቤት መኪና የተሠራው ጠንካራ ጎማ ግን ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው 2.9 ባር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ቢነፋ ይጠነክራል እንጂ የተጻፈለትን ክብደት አያልፍም። ክብደቱን የሚሸከመው በጎማው ውስጥ የታፈነው አየር ነው፤ ጎኑ ሲያጥር የአየሩም ቦታ ያጥራል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰውየውን ያስደነገጠው ሌላ ነገር ነበር። መኪና ዝቅ ሲል በዘንጉና ከበላዩ ባለው መከላከያ ላስቲክ መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል። ቫኑ ሞልቶ ጉብታ ሲመታ ዘንጉ ላስቲኩን ያገኛል፤ ባሌስትራውም የመተንፈሻ ቦታ ያጣል። በዚያች ቅጽበት የቀረው ምንጣፍ ጎማው ብቻ ነው። ያ ምንጣፍ 79 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቸርኬው በቀጥታ አስፋልቱን ይመታል፤ ቸርኬው ይጎብጣል ወይም የጎማው ጎን ከውስጥ ይቀደድና እንደ እባጭ ያብጣል። እንግዲህ ዝቅ ያለ መኪና ከሌላው ይልቅ ወፍራም ጎማ ይፈልጋል፤ ዓይን የሚመኝለት ግን ቀጭኑን ነው። አሥራ አራት ሰው በናኩሩ መንገድ ላይ ተቀምጦ የኋላ ጎማ ሲፈነዳ ሾፌሩ የሚያደርገው ብዙ ነገር የለም።

የሚያስገርመው መኪናውን ዝቅ ማድረግን ጥበብ ያደረጉት ጃፓኖች ይህንን ችግር ቀድመው ፈትተውት መገኘታቸው ነው። በእነርሱ አገር ዝቅ ያለ ሃይኤስ ራሱን የቻለ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን የምርመራው ሕግ ከመሬት ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይጠይቃል፤ የጎማውንም የመሸከም ቁጥር ያያል። ስለዚህ ለትልቅ ቸርኬ የሚሆን የሚኒባስ ጎማ ተሠራ። 215/60 አር 17 ሲ ሙሉ ቁመቱ 690 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የመሸከም ቁጥሩ 109/107 ነው፤ 109 ማለት ደግሞ 1,030 ኪሎ ነው፤ ከፋብሪካውም ይበልጣል። 225/50 አር 18 ሲ 682 ሚሊ ሜትር ሆኖ 107/105ን ይይዛል። ከዚያ በላይ፣ በ19ና በ20 ኢንች፣ ሰው የሚጭን ቫን የሚሸከም ጎማ ማግኘት ጭንቅ ነው። ቸርኬውም ቢሆን የራሱ ልክ አለው፤ ጃፓኖች ለጭነትና ለአውቶቡስ በሚሆነው ላይ «ጄ ደብሊው ኤል ቲ» የሚል ምልክት ያትሙበታል። በርካሽ የሚሸጠው ብዙው ይህ ምልክት የለውም። ማብረቅረቁ ላይ ግን አይታማም።

ማካንጋው ይህን ሁሉ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። አሥራ ሰባት ኢንች ለእርሱ ውርደት ነው፤ የጎረቤቱ ቫን ሃያ ነዋ። ልጁን መውቀስ ያስቸግራል፤ የቀን ገቢው በተሳፋሪ ብዛት ነው፣ ተሳፋሪውም የመሸከም ቁጥር አንብቦ አይገባም። ሰውየው ሦስት ቀን አሰበ። የቸርኬው ሻጭ ሁለት ጊዜ ደውሎ ዋጋ ቀነሰለት። ሸሪኩ ሃያውን ደገፈ፤ ሚስቱ ግን በዚያው ቫን ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ብቻ አስታወሰችው።

በመጨረሻ ባለ17 ኢንቹን ቸርኬ ከነምልክቱ፣ ከነ215/60 ጎማው ወሰደ። ሽማግሌው ከኋላው የብረት ጡቡን በቀጭኑ ለውጠው ቫኑን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረጉት፤ የፊቱንም አስተካክለው ጎማው እኩል እንዲበላ ኮንቨርጀንሳ አሠሩ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍት ቀረ። ማካንጋው ያንን ክፍት በጣቱ ለካና ምላሱን ጠቅ አደረገ። የጎማው ጎን ላይ ግን በነጭ የተጻፉ ትልልቅ ፊደሎች ነበሩ፤ በማግስቱ ንጋት ላይ፣ የመጀመሪያው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት፣ ባልዲና የጥርስ ብሩሽ ይዞ እነርሱን አንድ በአንድ ሲያጥብ ታየ።