የደቅ ሳር ቤቶች

ደቅ ደሴትን በልጅነቴ የማውቃት በጭሷ ነው። ከባሕር ዳር በማለዳ የተነሣው ጀልባ ጣና ላይ ለሰዓታት ከቆየ በኋላ መጀመሪያ ዛፎቿ ብቅ ይላሉ፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መሀል ስስ ጭስ ይታያል። ጭሱ እንደ ዛሬው በአንድ ቀዳዳ ተሰብስቦ አይወጣም ነበር። ከሳር ክዳኑ ውስጥ ለውስጥ ተጣርቶ ቤቱን ሙሉ እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ያን ሳይ አያቴ ቡና ማፍላት እንደጀመረች ለራሴ እነግረው ነበር።

ቤቷ ክብ ነበር። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ በጭቃ፣ መሀሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ፣ ከምሰሶው ጫፍ እንደ ጃንጥላ ሽቦዎች የሚወርዱ እንጨቶች። ክዳኑ ቁልቁለት ስለሆነ የክረምቱ ዝናብ ሳይቆም ይንሸራተታል። የምድጃው ጭስ ደግሞ ሳሩን እያጠቆረ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ዓይናችንን የሚያስለቅሰው ጭስ ጣሪያችንን ያኖረው ነበር።

ያደግነው በናርጋ ሥላሴ ጥላ ሥር ነው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ይህች ቤተ ክርስቲያን በድንጋይና በኖራ የታነጹ ቅስቶች አሏት፤ የጎንደር ግንበኞች እጅ ያስታውቃል። ውስጥ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። እንግዳ የሚደነቀው በሥዕሉ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ የቤተ ክርስቲያኗ ቅርጽ ነበር፤ እንደ አያቴ ቤት ክብ ናት። በናርጋ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ ይዘለቃል። በእኛም ቤት ከደጅ ወደ መደብ፣ ከመደብ ወደ ጓዳ ይገባል፤ ጓዳውም ሁሉም የሚረግጠው አልነበረም።

ሳር ግን ያረጃል። በየጥቂት ዓመቱ መልሶ መክደን ያስፈልግ ነበርና አያቴ ደቦ ትጠራለች። ጠላው አስቀድሞ ተጠምቋል። ጎህ ሲቀድ ወንዶቹ ይመጣሉ፤ ሴቶቹ እንጀራ ይጋግራሉ፤ እኛ ልጆች ሳሩን እየጠቀለልን እናቀብላለን። የተጣላ ጎረቤት እንኳ በዚያ ቀን አይቀርም፤ የእሱም ቤት ነገ ክዳን ይፈልጋልና። አንዱ ከታች ሲወረውር ሌላው ከላይ ሲቀልብ ኩርፊያቸው ሳይታወቃቸው ይረሳል።

የመጨረሻው ሥራ ጉልላቱ ነው። ውሃ በምሰሶው ጫፍ ሰርጎ እንዳይገባ አሮጌ ገንቦ ይደፋበታል። አንድ ቀን ከዳኙ ከላይ ሆኖ፣ «ና ልጄ፣ ገንቦዋን አቀብለኝ፤ በርታ!» አለኝ። በሁለት እጄ አቅፌ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። አፏ ተሸርፏል፤ ሆዷ ጥቀርሻ ለብሷል። አያቴ ለዓመታት ውሃ ስትቀዳባት የኖረችው ገንቦ ናት። ሰውየው ተቀብሎ ሲደፋት ከታች እልልታ ተሰማ።

ኋላ ቆርቆሮ በጀልባ መጣ። ማንንም አልወቅስም። አያቴም ወዳዋለች፤ ሐምሌ በገባ ቁጥር የሚያፈሰውን ቦታ እየፈለጉ ዕቃ መደቀን ሰልችቷት ነበር። ቆርቆሮ ግን በሁለት ሰውና በአንድ መዶሻ ይመታል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጎረቤት አያስጠራም። ክዳኑ ሲቀየር ደቦውም አብሮ ወረደ። ክቡም ቤት ቀረ፤ ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይወዳልና ቤቶቹ አራት ማዕዘን ሆኑ።

የጎንደር ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ ከዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች ተርታ አስገብቶታል። ለሁለቱም ደስ ይለኛል። የገበሬው ጎጆ ግን ቀረጥ ከፍሎ ቤተ ክርስቲያኑን ያቆመው ሕዝብ የኖረበት ነው፤ ሳይለካና ሳይሣል ሊያልፍ አይገባም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወረቀትና ሜትር ይዘው ቢሻገሩ፣ ጭቃ ሲረገጥና ሳር ሲጠቀለል ያዩ ሽማግሌዎች ገና አሉ።

ባለፈው ስሄድ የአያቴ ቤት ክብ ድንጋይ ብቻ ቀርቶ አገኘሁት፤ ወገብ ድረስ ይደርሳል። ውስጡ ጌሾ ተተክሏል። ምሰሶው ከቆመበት ጉድጓድ አጠገብ ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ስፈትሽ የጠቆረ የገንቦ ስባሪ አገኘሁ። አፈሩን አራግፌ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ላይ አስቀምጬው ወደ ጀልባው ወረድኩ።